ምልክቱ ይቅር ያልኩበት ቀን

ከአዲስ አበባው ሽማግሌ ጋር ዓመታት ሙሉ ስንነጋገር መልካቸውን አላየሁም፤ ድምፃቸውንም አልሰማሁም። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ የተጫነው አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ቴሌፕሪንተር ፊት እቀመጣለሁ። እሳቸው አዲስ አበባ፣ ዋናው መዝገብ ቤት፣ እንደኔው ያለ መኪና ፊት ይቀመጣሉ። እኔ የመታሁት ፊደል በሽቦ ሄዶ እሳቸው ዘንድ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ እሳቸው የመቱት እኔ ዘንድ። «ልጄ» ይሉኛል፤ «አባባ» እላቸዋለሁ። ሽማግሌ መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሁሉ ጓድ በሚባባልበት ዘመን «እንደምን አደርሽልኝ ልጄ» ብሎ መልእክት የሚጀምር ሌላ ማን ይሆናል?

ወደ ድሬዳዋ የመጣሁት ከጎጃም ነው። ለስድስት ወር ተብዬ ተመደብኩ፤ ስድስቱ ወር ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ሥራው ባሰ። ከምሥራቁ ግንባር የተረፉት ቁስለኞች ሆስፒታሉን ሞልተውት ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የዘመቱ ሚሊሻዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ማንበብ መጻፍ የማይችሉ፣ አገራቸው ስልክ የሌለበት። የእኛ ሥራ የእነሱን ዝርዝር በየሳምንቱ ለመዝገብ ቤቱ መላክ ነበር፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተወለደበት አውራጃ፤ ከዚያ የሰውየው ሁኔታ። «ደህና» ከሆነ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው አልጋ። ተዛውሮም ከሆነ ወዴት። «አርፏል» ከሆነ የት እንደተቀበረ። መዝገብ ቤቱ ያንን ይዞ ያስቀምጣል። አባት፣ እናት፣ ሚስት ከየአገሩ ይመጣና በመስኮቱ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ያነብለታል። ሰው ወደ ቤቱ ደስ ብሎት ይሁን እያለቀሰ የሚመለሰው እኔ በላክሁት ቃል ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መኪናውን ከመንካቴ በፊት አማትብ ነበር። አለቃችን አይቶኝ፣

«ጓዲት፣ ማርያም ናት እንዴ ኤሌክትሪኩን የምትልክልሽ?» ይለኝ ነበር።

መስመሩ ክፉ ነበር። በረሃውን አቋርጦ ተራራውን የሚወጣ ሽቦ፣ ንፋስ ሲነካው ፊደል ይውጣል፣ አንዳንዴም ሙሉ ቃል። ክፋቱ ደግሞ የዋጠውን አለመናገሩ ነው። ቃሉ ጠፍቶ የሚቀጥለው ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም። የሰዎቹ ዝርዝር እኩል ርዝመት ቢኖረው ቆጥሮ ማወቅ ይቻል ነበር። ግን አንዱ በስድስት ቃል ያልቃል፣ አንዱ በአሥራ አራት።

ስለዚህ እኔና አባባ ምልክት ነበረን። በየተወሰነ ቃል መሃል፣ የሰው ስም ለሁለት ቢቆርጥም እንኳ፣ ምልክቱን አስገባለሁ። ምልክቱ «ቀጣዩ ሰው ከዚህ ስንት ቃል በኋላ ይጀምራል» የሚለውን ይናገራል። መስመሩ መሃል ላይ አንድ ነገር ቢውጥ አባባ የሚቀጥለውን ምልክት ይጠብቃሉ፤ ቁጥሩ አልገጥም ካላቸው የጎደለ እንዳለ ያውቃሉ፤ የሚቀጥለው ሰው የት እንደሚጀምርም ያገኙታል። የጎደለውን ብቻ ድገሚልኝ ይሉኛል።

ግን ምልክት ግዴታ አልነበረም። በየቀኑ፣ አንድ ስም ሳይላክ በፊት፣ እንስማማለን። ትናንት የተስማማነው ለዛሬ አይሠራም።

«ምልክት ታደርጊያለሽ?»

«አደርጋለሁ።»

«በየስንቱ?»

«ከሃያ እስከ ሃምሳ ባለው እችላለሁ።»

«በየሠላሳው ይሁንልኝ። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል፣ በየሃምሳው ከሆነ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ደንቡ እንዲህ ነበር፤ የሚልከው የሚችለውን ይናገራል፣ የሚቀበለው ከዚያ ውስጥ ይመርጣል። ከሁለታችን አንዳችን «ይቅር» ካልን ግን ቀረ፤ ሌላው ቢፈልግም አያስገድድም። እሳቸው ወደኔ ሲልኩም እንደገና ለብቻው እንስማማለን። አለቃችን ይህን የእኛን ክርክር እንደ ገበያ ያየው ነበር፤ «ፍየል ነው የምትገዙት?» ይላል።

ምልክት ማስገባት ሥራ አለው። ዝርዝሩን አስቀድሜ በእርሳስ፣ ቃል በቃል፣ እቆጥራለሁ። ከዚያ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በመኪናው እበሳዋለሁ፤ የሚላከው የተበሳው ጥብጣብ ነው። ምልክት ካለ ያ ሥራ ሁለት ሰዓት ይጨምራል።

ፍልሰታ ነበር። የእመቤታችን ጾም። በዚያ ጾም ቅዳሴው ቀን ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ እኔም አገሬ እያለሁ አንድም ቀን አላስታጎልኩም ነበር። ድሬዳዋ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሥራው አይለቀኝም። በዚያ ዓመት «ቢያንስ የኪዳነ ምሕረትን ዋዜማ ካልቆምኩ» ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት አለቃችን ረጅም ዝርዝር አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

«ይህ ሳይላክ ከወንበርሽ ንቅንቅ የለም።»

ሰዓቱን አየሁ። ቆጥሬ፣ ምልክት አስገብቼ፣ በስቼ፣ ልኬ፤ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ሳልቆጥር ከበሳሁት እደርሳለሁ።

«እንደምን አደርሽልኝ ልጄ፤ እንኳን ለጾሙ ፍጻሜ አደረሰሽ። ምልክት?» አሉ አባባ።

«ይቅር አባባ። ዛሬ እቸኩላለሁ።»



«ክረምት ነው እኮ፤ መስመሩ አይታመንም። በየሃምሳውስ?»

«ይቅር።»

«እንዳልሽ።»

ላክሁ። የዚያን ቀን ከላይ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ደረቁ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሞልቶ መጥቶ ነበር። ድልድዩ አጠገብ የቆመ የሽቦ ምሰሶ ጎርፉ ሲገፋው ዘመመ፤ ሽቦው ተነካክቶ ተላቀቀ። ይህ ሁሉ አቡነ ዘበሰማያትን እስከ ግማሹ ለመድገም ያህል ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። እኔ ጋ ጥብጣቡ መሄዱን ቀጥሏል። ምንም አላየሁም። ሲያልቅ አባባ እንዲህ ብለው መቱ፦

«ልጄ፣ መሃል ላይ መኪናዋ አንዴ የሳለች መሰለኝ። አንቺ ጋ ሁሉም ደህና ነው?»

ነጠላዬን እየለበስኩ ነበር። በአንድ ጣቴ «ደህና ነው» ብዬ መታሁ። ሮጥኩ። ቅዳሴው ላይ ደረስኩ። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አሁንም አልረሳሁትም።

ጥቅምት ላይ ነው። የበራችን ዘበኛ የአገሬው ልጅ ነበር፤ በኦሮምኛ ይጀምርና በሱማልኛ አቋርጦ በአማርኛ ይጨርሳል። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወሪያ እህቴ፣ አንድ ሽማግሌ መጥቷል። ያንቺ አገር ሰው ነው መሰለኝ፤ ሲያወራ ይዘፍናል።»

«የት አወቅህ አገሬን?»

«አንቺም እኮ ስትቆጪ ትዘፍኛለሽ፣ አቦ!»

እየሳቅሁ ወጣሁ። ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው አቧራ ብቻ ነው። ጭናቸው ላይ አዲስ ጋቢ፣ ታጥፎ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፤ አጠገባቸው የበሶ ስልቻ። ሲያዩኝ ተነሡ።

«ተቀመጡ አባቴ።»

«እድሜ ይስጥሽ። ልጄ እዚህ አለ ብለውኝ ነው። ሚሊሻ ሆኖ የዘመተው። ከቤቴ ወጥቼ ሦስት ቀን በእግሬ፣ ሁለት ቀን በመኪና፣ ከዚያ ያ መዝገብ ቤት የተባለው ዘንድ ደረስኩ። ልጁ መዝገቡን ገለጠና አነበበልኝ፤ ደህና ነው፣ ድሬዳዋ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አልጋ አሥራ አንድ። ጽፎም ሰጠኝ። ወዲያው በአገሬ ሰው በኩል ለእናቱ ላክሁባትና በባቡር መጣሁ። እሆስፒታሉ በር ላይ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ከእናንተ አምጣ አሉኝ።»

የአገሬን አነጋገር ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ደስ እያለኝ ገባሁ። ማኅተም ከመምታቴ በፊት ስሙን ከቅጂው ጋር ማመሳከር ደንብ ነው። የጻፉላቸውን ወረቀት አይቼ የነሐሴውን ቅጂ አወጣሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አውራጃ፤ ገጠመ። ከአጠገቡ «አርፏል» ይላል። የተቀበረበትም ቦታ አለ። ከሱ ቀጥሎ የሌላ ሰው ስም አለ፤ አገሩ ደቡብ ነው። ከዚያ «ደህና፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አልጋ አሥራ አንድ»።

ቅጂውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መስመሩ የዋጠው ከመጀመሪያው ሰው አውራጃ ቀጥሎ እስከ ሁለተኛው ሰው አውራጃ ድረስ ያለውን ነበር። ሁለት ሰው ተሰፍቶ አንድ ሰው ሆኖ መዝገብ ገብቷል። የሞተው ባልሞተው አልጋ ላይ ተኝቷል። ያልሞተው ደግሞ መዝገቡ ላይ ከነአካቴው የለም፤ እናቱ መስኮቱ ዘንድ ብትሄድ «እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» ትባላለች። አንድ ምልክት ብቻ ቢኖር አባባ ያን ጊዜውኑ ይይዙት ነበር።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጠረጴዛ ላይ! የሞተበት ሰው ያችን ሌሊት እህል ቀምሶ ይተኛል። ዘመድ በድብቅ ይጠራራል። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ሰው ግቢውን ሞልቶ ያያል፤ ነጋሪው ይናገራል፣ ሌሎቹ እንዳይወድቅ ይይዙታል። እኚህ ሰው ግን እዚህ ማን አላቸው? ከድንጋዩና ከዘበኛው በቀር?

ወጣሁና ዋሸሁ። «ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ዛሬ የለም አባቴ። ነገ ነው።»

«ነገ? እዚሁ ቅርብ ነው አሉኝ እኮ።»

«ነገ ይደርሳል። ዛሬ ከኔ ዘንድ ይደሩ።»

«ይሁን» አሉ። «ዓመት የጠበቅሁ ሰው አንድ ሌሊት አያቅተኝም።»

የምኖረው መጋላ ነው፣ ከደቻቱ ማዶ። ድልድዩን ስንሻገር ቆም ብለው አሸዋውን አዩ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመል ተኝቶበታል።

«ወንዝ ነው ያልሽኝ ይሄ ነው? ውኃው የታለ?»

«ሲመጣ ይመጣል፣ አባቴ።»

«እንዲያ ያለ ወንዝ ክፉ ነው» አሉ።

ቤቱን ያከራየችኝ እስላም ናት፤ ባሏ በባቡር ሥራ ያረጀ፣ የሞተባት። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላታል፤ እኔም። ሰውየውን ጥላ ሥር አስቀምጬ ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያ ረቢ! እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነገ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሰው ሰብስቤ፣ ጎህ ሲቀድ...»

«ሰው ከየት ታመጫለሽ? እዚህ ሰፈር ክርስቲያኑ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ቄሱን እጠራለሁ።»

«ቄስ አንድ ሰው ነው። እኛስ? ማልቀስ አናውቅም? ወላሂ እኔ ባሌን ያለቀስኩት ለለቅሶ አገር ሁሉ መጥቶ ነው።» ከዚያ ድንገት ደነገጠች። «ምግቡስ? ከኛ ሥጋ አይበላም እኮ!»

«ዛሬ ረቡዕ ነው አዴ፤ ጾም ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ምስር አለ።»

እንግዳ ሲያድር ቀበሌ መመዝገብ ግዴታ ነበር። ሄድኩ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ምንሽ ናቸው?» አለኝ። «አባቴ ናቸው» አልኩ። በአንድ ቀን ሁለተኛ ውሸቴ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄሱን ለመለመን። ከዚያ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ አንድ ደገኛ ሽማግሌ ቤት። ሁሉም እሺ አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ጥላው ሥር ማንም የለም።

«ትንሽ እግሬን ላፍታታ ብሎ ወጣ» አለች አዴ።

«ጋቢውስ?»

ዙሪያዋን አየች። «ይዞታል መሰለኝ።»

ሆስፒታሉ ዘንድ የደረስኩት በሩጫ ነው። የጠያቂ ሰዓት ነበር፤ ዘበኛው «ያ ጋቢ የያዘ ሽማግሌ? ማኅተም ባይኖረውም አሳዘነኝ፣ አስገባሁት» አለኝ። ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። አልጋ አሥራ አንድ ከመስኮቱ ሥር ነው። አንድ ጠይም ልጅ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ የለም። ሰውየው ከአጠገቡ ሆነው በጣሳ በሶ እየበጠበጡለት ነው። ልጁ አማርኛ ብዙም አይሰማም፤ ግራ ገብቶት አንዴ ጣሳውን አንዴ እሳቸውን ያያል።

ቀና ሳይሉ «መጣሽ?» አሉኝ።

«መጣሁ አባቴ።»

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም።»

«አዎ።»

«ጠዋት ወረቀቱን ስታዪ ነው ያወቅሽ?»

«አዎ።»

ጣሳውን ለልጁ ሰጡት። «የኔስ?»

ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተኝቷል። ሁሉም ያየናል። «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

«ነገ መቼ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ጎህ ሲቀድ?»

ዝም አልኩ።

«እንግዲያስ ነገርሽኝ» አሉ። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «ጠጣ፤ ጠጣ እንጂ» አሉት።

ያችን ሌሊት አልተኛንም። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ በራቸውን ላንኳኳ ስወጣ፣ ለብሰው፣ ታጥቀው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው መጥቶ ነበር፤ ቄሱ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣ የቢሯችን ዘበኛ፣ የአዴ ጎረቤቶች ሻሻቸውን አስረው። ቄሱ ነገሯቸው። እንዳልሰሙ ሰው ሆነው ሰሙ፤ ተነሥተው፣ ደረታቸውን መትተው፣ እንደ አገራችን ደንብ የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ። አዴ «ምን ነበር ያለው ስሙን?» ብላ ጠየቀችኝና ስሙን ይዛ በኦሮምኛ ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ ተከተሏት። የማያውቁትን ልጅ በሦስት ቋንቋ አለቀሱት። ዘበኛው አጥሩ ላይ ፊቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

ፀሐይ ከወጣ፣ ሰው ከቀለለ በኋላ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ምልክት ማለት ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገባኝ። እኛም ነዶ ስንቆጥር በየሃያው ድንጋይ እናስቀምጣለን። ሰው መንገድ ላይ ሰላም ብሎ ቁጥሩን ቢያስረሳን ወደ ድንጋዩ እንመለሳለን።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«አንቺ ድንጋዩን አላስቀመጥሽም።»

«አላስቀመጥኩም።»

«ለምን?»

«ቅዳሴ እንዳይቀርብኝ ብዬ። የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነበር።»

«ደረሰልሽ ቅዳሴው?»

«ደረሰልኝ።»

ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ የንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ፤ ግን ያች ዝምታ እስካሁን ትሰማኛለች።

ምሳ ሲቀርብ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። የመጀመሪያው የዚያ ልጅ ነገር ነው። «ዛሬውኑ ላኪለት። እናቱ የት እንዳለች አላውቅም፤ ግን እናት አላት።» ሁለተኛው የባለቤታቸው ነው። «ደህና ነው ብዬ ልኬባታለሁ። አሁን መዝገቡ ሲታረም ወረቀት ወደ ገበሬ ማኅበራችን ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ሊቀመንበሩ ወረቀት ሲደርሰው ሰው ሰብስቦ ያነባል፤ ገበያ ላይም ቢሆን። ሚስቴ ከሱ አፍ እንድትሰማ አልፈልግም። እኔ እስክደርስ ያዙልኝ። አሥር ቀን።»

ችግሩ ሁለቱ ሰዎች መዝገቡ ላይ አንድ ሰው መሆናቸው ነበር። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማረም አይቻልም። ዘግይቼ ቢሮ ስገባ አለቃችን «ጓዲት፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ታቦት ነው?» አለኝ። መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ምልክት ላድርግ?»

«አድርጊ ልጄ። በየስንቱ ትችያለሽ?»

«እርስዎ ባሉኝ።»

«ምን ሆነሻል? በየአሥሩ ይሁን።»

በየአሥሩ ቆጥረን አናውቅም ነበር። ሁሉንም ጻፍኩላቸው፤ ነሐሴን፣ ጎርፉን፣ ሽማግሌውን፣ የጠየቁትን አሥር ቀን። ስጨርስ መኪናው ብቻውን አጉረመረመ። ከዚያ መጣ፦

«ስትስል ሰምቻት ነበር። አንድ ጊዜ ጠይቄ ተውኩ። እኔም አለሁበት።»

«የኔ ነው አባባ። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ይቅር ስትይ እንዳልሽ ያለው ማነው? ተይው። የደቡቡን ልጅ አሁን አስገባዋለሁ። የወዲያኛውም ዛሬ ይታረማል፤ መዝገብ ነው፣ ውሸት ይዞ አያድርም። ለገበሬ ማኅበሩ የሚሄደውን ደብዳቤ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። የጽሕፈት መኪናዬ ሪባን አልቋል።»

«ሪባን የለም?»

«አለ። ግን በፎርም ነው የሚጠየቅ። ፎርሙ ላይ ሦስት ጓዶች ይፈርማሉ። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ አብዮቱ ያውቃል። አሥር ቀን ያንሳል ብለሽ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ሰውየው በማግስቱ በባቡር ሄዱ። ጋቢውን ለዚያ ልጅ ትተውለት ሄደዋል። አዴ መንገድ ላይ የሚበሉት ቆሎ ቋጠረችላቸው። ባቡሩ ሲነቃነቅ እጃቸውን አላወጡም፤ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ልጁን ከአራት ወር በኋላ እኅቱ መጥታ ወሰደችው። መስኮቱ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጥታ «አናውቀውም» ተብላ ኖሮ፣ በአራተኛው ነው የተነበበላት።

ደብዳቤው የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የጻፈላቸው የደብራቸው ዲያቆን ነው፤ ሰላምታው ገጽ ሙሉ ነው። ከወረቀቱ ቀድመው ደርሰዋል። ወደ ቤታቸው ግን በቀጥታ አልገቡም፤ ወንድማቸው ዘንድ ተደብቀው አደሩ፤ ዘመድ አስጠሩ። ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩ።

«ከሚያረዱት ጋር ቆሜ ነበር» ይላል ደብዳቤው። «በሩን ስትከፍት ከሰዎቹ መሃል እኔን አየችኝ። ማንም ሳይናገራት፣ አይተኸዋል? አለችኝ። አላየሁትም አልኳት። ደህና ነው ያልከኝ ስለ ማን ነበር? አለች። ስለ ሰው ልጅ ነበር አልኳት። ከዚያ ይዘዋት ገቡ። አለቀስን፤ ተዝካሩንም አወጣን። አንቺ መርዶው በደንብ ይነገራት ብለሽ የደከምሽውን ነግሬያታለሁ፤ የቅዳሴውንም ነገር ነግሬያታለሁ። ደብዳቤ ልጽፍላት ነው፣ የምትያት ነገር አለሽ ወይ ብዬም ጠይቄያት ነበር። የለኝም ብላሻለች።»